ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር፦ የአንድ የመንዝ አሥር አለቃ የማኅደር እርማት ጉዳይ

አሥር አለቃው ከሠራዊቱ በሕክምና ቦርድ ውሳኔ የተሰናበተው በየካቲት 2002 ነው። መሸኛው ላይ የአገልግሎት ዘመኑ 9 ዓመት ከ8 ወር ተብሎ ሰፍሯል። በጡረታ ሕጋችን በጤና ጉድለት የሚሰናበት ሰው የዕድሜ ልክ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ እንደሆነ ነው፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ጊዜ ዳረጎት ተከፍሎት ይሸኛል። የጎደለው አራት ወር ነው። ዳረጎቱን ፈርሞ ተቀበለ፣ መንዝ ገባ፣ ገብሱንና በጎቹን ይዞ ተቀመጠ።

በእውነት ያገለገለው ግን 11 ዓመት ከ4 ወር ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ፣ ምኑ እንደታረመና ምኑ ሳይታረም እንደቀረ ከዚህ በታች እተርካለሁ። ጉዳዩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን በጥብቅና እሠራለሁ። ባለጉዳዩ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፣ ስሙና ቀበሌው እንዳይነሳ ግን ለምኖኛል። የነበረበትን ክፍል ስምም ትቼዋለሁ፤ ጸሐፊዎቹም በዚያ ትርምስ ውስጥ የሠሩ ሰዎች ናቸው።

ማኅደሩ ላይ የነበረው

ሰውየው የተመለመለው በጥቅምት 1991 ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በግንቦት 1990 ተጀምሯል፤ ባድሜን ለማስለቀቅ የተደረገው የየካቲት 1991 ዘመቻ ገና አልመጣም። ወረዳዎች ወጣት እየመዘገቡ በጭነት መኪና ይሸኙ ነበር። እሱም ከቀበሌው ልጆች ጋር ስሙ ተጽፎ ማሠልጠኛ ገባ፣ መለያ ቁጥር ተሰጠው፣ ሥልጠናውን ሲጨርስ ግንባር ወረደ። በሰኔ 1992 ተኩስ ቆሞ ክፍሎች እንደገና ሲደራጁ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ አዲሱ ክፍልም ማኅደር ከፈተለት። «የቅጥር ቀን» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው ታዲያ እዚያ ክፍል የደረሰበት ቀን ነው። አንድ ዓመት ከስምንት ወር፣ ያውም ጦርነቱ ራሱ፣ ከማኅደሩ ወጣ።

ክፋት ያለበት አይመስለኝም። ጸሐፊው ፊት የነበረው በእጅ የተጻፈ የተዛዋሪዎች ስም ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቀን ደግሞ የዝውውሩ ቀን። ያየውን ጻፈ። በዚያው እጅ «ኃይለ ማርያም» የነበረው የአባት ስም «ኃይሌ» ሆነ። የትውልድ ዘመኑም ቤተሰቡ ከሚለው በሦስት ዓመት ቀደመ። የጋብቻ ሁኔታው «ያላገባ» ይላል፤ ያን ጊዜ እውነት ነበር፣ ኋላ ሚስት ሲያገባ ግን ቅጹን ያደሰለት የለም።

ይህን ሁሉ ለብዙ ዓመት አላወቀም። መሸኛው ላይ ያለውን «9 ዓመት ከ8 ወር» አንብቦታል፣ ግን ሕክምናው አድክሞት ነበርና ወር ቆጥሮ የሚከራከርበት ጊዜ አልነበረም። የነቃው አንድ ያገሩ ልጅ የጡረታ ደብተር ይዞ መሐል ሜዳ ከተማ ሲያየው ነው። አብረው ተመልምለው፣ አብረው ሠልጥነው፣ እሱም በሕክምና ቦርድ የተሰናበተ ሰው ነው። «አንተ ስንት ዓመት አሉህ?» ሲለው «አሥራ አንድ» አለው። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ማመልከቻ

እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት በራፖር ጸሐፊ አጽፎ ለክፍሉ አመልክቶ ነበር። ማመልከቻው አራቱንም፣ ማለትም የቅጥር ዘመኑን፣ የአባት ስሙን፣ ዕድሜውንና ጋብቻውን፣ ባንድ ላይ እንዲታረሙለት ይጠይቃል። አባሪው ወፍራም ነው፦ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የደብሩ የክርስትና ማስረጃ፣ የሦስት ሽማግሌዎች ቃል፣ የዕድሩ ደብዳቤ፣ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት። የመጣው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በማኅደሩ የሚገኘው መረጃ በወቅቱ በባለቤቱ የተሰጠ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም።

አሥር አለቃው መልሱን እንደ ንቀት ነበር የወሰደው። እኔ ግን አባሪዎቹን አንድ በአንድ ሳይ መርማሪው ትክክል መስሎ ታየኝ። ሁሉም የተጻፉት ጥያቄው ከተነሣ በኋላ ነው። ቀበሌው የሚጽፈው ሰውየው የነገረውን ነው፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ልጅነቱ እንጂ መቼ ማሠልጠኛ እንደገባ አያውቁም። የልደት ምስክር ወረቀቱ እንኳ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ በ2008 መጨረሻ ከተጀመረ በኋላ የወጣ ነው፤ በ1970ዎቹ ለተወለደ ሰው የሚያስረዳው የራሱን ቃል ነው።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ጥያቄዎቹ መደባለቃቸው ነው። መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ምን ያያል? አመልካቹ የአባቱ ስም ሌላ፣ ዕድሜው ሌላ፣ የገባበት ቀን ሌላ ነው ይላል። እንዲህ ያለ አመልካች የማኅደሩ ባለቤት ሳይሆን በሌላ ሰው ማኅደር ጡረታ የሚፈልግ ሰው ይመስላል። እንዲህ ያለ ሙከራም እኮ አይጠፋም፤ ሟች ወንድሙን ሆኖ የሚያመለክት አለ።

ዕድሜውን መተው

መጀመሪያ ያደረግነው ጥያቄውን ማቅለል ነው። ከዕድሜው ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ዕድሜዬም እኮ ልክ አይደለም። እናቴ በሕይወት አሉ፣ ይመስክሩ» አለኝ።

«እናትህ እውነታቸውን ነው። ግን ቢስተካከል ምን ታገኛለህ?»

ትንሽ አሰበና፣ «ምንም። እውነት ስለሆነ ነው እንጂ» አለ።

የጡረታ ሕጉ ዕድሜን የሚቆጥረው ሰው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው፤ ኋላ የሚመጣ ማስረጃ አይለውጠውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሩ ቢከፈት መጦሪያው የደረሰ ሁሉ ልደቱን ያስጠጋ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ዕድሜው የሚነካው ነገር አልነበረም፤ በጤና ጉድለት የሚከፈል አበል መጦሪያ ዕድሜ እስኪደርስ አያስጠብቅም። የማይገኝ ነገር ስንጠይቅ የሚገኘውን ነበር የምናስጠረጥረው። አሥር አለቃው ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት፤ እናቱ ውሸታም የተባሉ መስሎታል። በመጨረሻ «እንግዲህ በወረቀት ሦስት ዓመት ላርጅ» ብሎ ተወው።

ጋብቻውንም ለየነው። እሱ የሠራዊቱ ስህተት አልነበረም፤ ጊዜ ያለፈበት መረጃ ነው፣ መንገዱም ሌላ ነው። የቀሩት የቅጥር ቀኑና የአባት ስም ብቻ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ መንገድ የመከሩት ሰዎች ነበሩ፤ መታወቂያህን «ኃይሌ» አስብለውና ከማኅደሩ ጋር ይግጠም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ቀበሌው ከክፍሉ ይልቅ ይቀርባላ። ነገር ግን የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ ሁሉ የቆሙት «ኃይለ ማርያም» ላይ ነው። አንዱን ቀዳዳ ለመድፈን ሌላ አራት መክፈት ይሆናል። ነገ መሬቱ ላይ ክርክር ቢነሣ ይኸው የስም ለውጥ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይመጣበታል።

ፍርድ ቤት ሄዶ «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» ማስባልም ይቻላል። የወረዳ ፍርድ ቤት ምስክር ሰምቶ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ይሰጣል። አልናቅኩትም፣ ግን ቀዳሚ አላደረግኩትም። ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠ ማረጋገጫ በክርክሩ ያልነበረን መሥሪያ ቤት እጁን አይጠመዝዝም፤ መብቱ የተነካ ወገን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብም ይችላል። ምስክሮቹም የሚሆኑት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው።

አሮጌው ወረቀት

የፈለግኩት ጠብ ከመነሣቱ በፊት የተጻፈ፣ ከተቻለም ሠራዊቱ ራሱ የጻፈው ነገር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ደብዳቤያችን እርማት አይጠይቅም፤ የማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ግልባጭ ይሰጠን የሚል ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ መንግሥት የያዘውን መረጃ ለመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ ለመልሱም 30 ቀን ያስቀምጣል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የተሳሳተ የግል መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብትን በግልጽ አስፍሯል። ሁለቱንም አዋጆች ደብዳቤው ውስጥ አልጠቀስኳቸውም። ወታደር ቤት በመጀመሪያው ደብዳቤ አዋጅ ከተደረደረበት ደብዳቤው ወደ ሕግ ክፍል ይመራል፣ እዚያም ይተኛል። በትሕትና ጠየቅን፤ ቆይቶ ግልባጩ መጣ።

ገጹ ላይ ፎቶው አለ፣ ልጅ እግር፣ አንገቱ ከኮሌታው የቀጠነ። ከፎቶው በታች መለያ ቁጥሩ። ያን ቁጥር ሳይ ጓደኛውን መሸኛህን ይዘህ ና አልኩት። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ የጓደኛው ቁጥር ከእሱ የሚበልጠው በሦስት ብቻ ነው። መለያ ቁጥር ለእነሱ የተሰጠው ማሠልጠኛ ሲገቡ በተራ ነበር። የጓደኛው የቅጥር ቀን ደግሞ በሠራዊቱ በራሱ መሸኛ ላይ ጥቅምት 1991 ነው። እንግዲህ በሰኔ 1992 የተቀጠረ ሰው በጥቅምት 1991 የታደለ ቁጥር ከየት ያመጣል? ማኅደሩ የቅጥር ቀኑን የሚያፈርስ ማስረጃ እዚያው ገጽ ላይ ይዞ ኖሯል።

ይህ ለቀኑ በቂ ነበር፤ ለአባት ስም ግን አይበቃም። ለዚያ ወደ ወረዳው መዝገብ ቤት ሄድን፤ በጣርማ በርና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ድረስ ነው፣ መንገዱ በሚከፈትበት ሰሞን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴት፣ ጡረታቸው የተቃረበ ናቸው። «የ1991 ወጪ ደብዳቤ» ስንላቸው አልሳቁብንም። ከኋላ ክፍል በሲባጎ የታሰሩ ማኅደሮች አሉ፣ ጠርዛቸውን አይጥ የቀመሰው። እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው በየወሩ እየፈቱ አዩ። የጥቅምቱ እስር ውስጥ ለማሠልጠኛው የተጻፈው የሸኝ ደብዳቤ ካርቦን ኮፒ ወጣ። ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ደብዝዟል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ከስም ዝርዝሩ ውስጥ የአሥር አለቃው ስም ከነሙሉ የአባቱ ስም፣ «ኃይለ ማርያም» በሁለት ቃል፤ ጥቂት ስም ዝቅ ብሎ ጓደኛው።

ይህ ዕድል ለሁሉም አይገኝም። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በየቢሮው ያለው ወረቀት ምን ደረሰበት የሚለውን የማይጠይቅ ባለጉዳይ በዚህ ዞን ጥቂት ነው። እትዬ ኮፒውን «ከዋናው ጋር ተመሳሳይ ነው» አስብለው፣ በቁጥርና በቀን ወጪ አድርገው በኦፊሴል ላኩት። ይህን አጥብቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ባለጉዳይ በእጁ ይዞት የሚመጣ አሮጌ ወረቀት ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ከመሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ሲሄድ ግን ጠባቂ አለው።

ሁለተኛው ማመልከቻ

ከአንድ ገጽ አላለፈም። ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የቅጥር ዘመንና የአባት ስም እርማት ስለመጠየቅ

በማኅደሬ ገጽ 1 የቅጥር ቀኔ ሰኔ 1992 ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ወደ ክፍሉ የተዛወርኩበት ቀን ነው። መለያ ቁጥሬ በጥቅምት 1991 አብሮኝ ከተመለመለው፣ መሸኛው በአባሪ 1 ከተያያዘው ባልደረባዬ ቁጥር በሦስት ብቻ ያንሳል። ወረዳው ሁለታችንንም የሸኘበት ደብዳቤ ግልባጭ በቀጥታ ተልኮላችኋል። በዚሁ ደብዳቤ የአባቴ ስም ኃይለ ማርያም ነው።

የትውልድ ዘመኔ በማኅደሩ እንደተመዘገበው እንዲቀጥል አልቃወምም።»

የመጨረሻዋን መስመር ሳስገባ አሥር አለቃው ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉ የምትጠቅመው እሷ ነበረች። አንባቢው አመልካቹ የማይገባውን እንደማይፈልግ የሚያውቀው ከእሷ ነው። የሽማግሌዎቹን ቃልና የዕድሩን ደብዳቤ አላያያዝንም፤ ደካማ ማስረጃ ከጠንካራው ጎን ሲቆም ዓይን የሚያርፈው ደካማው ላይ ነው።

መልሱ በወረቀት አልመጣም፤ በአካል ይቅረብ ተባለ። ሄደ። አንድ መቶ አለቃ የማኅደሩን ፎቶ ከፊቱ ጋር አስተያዩ፣ ፊርማውን አስፈረሙት፣ በቦርድ የታየውን ሕመሙን ጠየቁት። ከዚያ የማሠልጠኛውን አዛዥ የቅጽል ስም ጠየቁት። እሱን ሲነግራቸው ሳቁ፤ ለካ እሳቸውም እዚያው የሠለጠኑ ናቸው። ቁጥሮቹን አይተው «ይኼማ ራሱ ይናገራል» ብለው ወደ ውሳኔ መሩት። ይህን ከእሱ አፍ ነው የሰማሁት፣ እኔ አልነበርኩም።

የእርማት ደብዳቤው ሁለት ነገር ይላል፤ የቅጥር ዘመኑ ጥቅምት 1991 ተብሎ፣ የአባት ስሙም ኃይለ ማርያም ተብሎ ይስተካከል። ለጡረታ መሥሪያ ቤት ተጽፎ ግልባጩ ለእሱ ደረሰው። ማኅደሩ ውስጥ የነበረው አሮጌ ገጽ አልተቀደደም፤ እርማቱ ከላዩ ተያያዘ። እንዲያ መሆኑም ጥሩ ነው፤ ነገ ሌላ መርማሪ ሲያየው ለውጡ በማን፣ በምን ማስረጃ እንደሆነ ያገኛል።

ከእርማቱ በኋላ

ማኅደሩ ሲታረም ጡረታው በራሱ አይመጣም። ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፣ ብዙ ባለጉዳይ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማን መቼ ተቀጠረ የሚለውን የሚመልሰው ሠራዊቱ ነው፤ አበል ይገባዋል ወይ፣ ስንትስ የሚለውን የሚወስነው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ። በሁለተኛው ውሳኔ ቅር ያለው ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ያመለክታል፤ ጉባኤው ግን የቅጥር ቀን ከማኅደር ላይ እንዲያርም መጠየቅ ውኃ ወቀጣ ነው። እርማቱ ሳይያዝ እዚያ የሚደርስ ሰው በማኅደሩ ላይ ባለው ቀን ይሸነፋል።

አዲስ ማመልከቻ ከእርማት ደብዳቤው ጋር ገባ። አበሉ ተፈቀደ። ሕጉ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው መነሻ የሚያደርገው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ ያለው አገልግሎት በዓመቱ ልክ ይጨምርበታል። የ2002 የአሥር አለቃ ደመወዝ 30 በመቶ ብዙ ብር አይደለም። እሱ ግን ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ ነገር አገኘ፣ ባለቤቱም ከእሱ በኋላ የምትይዘው ነገር ይኖራታል፤ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 የሟች የትዳር ጓደኛ የሚደርሳት የአበሉ ግማሽ ነው። ያ አዋጅ በ2014 በቁጥር 1267 ተተክቷል፤ የተተኪ መብቱ ግን እንዳለ ነው።

የጋብቻው ነገር የመጣው በዚህ ነው። የተጋቡት በሽማግሌ ነው፣ ወረቀት የላቸውም። በማኅደር «ያላገባ» የሆነ ሰው ቢሞት ሚስቱ ሚስትነቷን ለማስረዳት የምትጀምረው በሐዘን ላይ ሆና ነው። ስለዚህ ሁለቱም በሕይወት እያሉ ቀበሌ ሄደው ጋብቻቸውን አስመዘገቡ፣ ምስክር ወረቀቱ ከአዲሱ የቤተሰብ ቅጽ ጋር ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ገባ። ይህ የፈጀው ጊዜ ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነው፤ ማንም ያስታወሰው ባለመኖሩ ነበር የቆየው። ባለቤቱን ስለ አባት ስሙ አስጠንቅቄያት ነበርና ጸሐፊው «ኃይለ ማርያም» ብሎ መጻፉን በልጇ አስነብባ ነው የፈረመችው።

ያልተቋጨው ውዝፉ ነው። አበሉ የሚታሰበው ከ2002 ነው ወይስ እርማቱ ከተደረገበት ቀን? የእኛ ክርክር መብቱ የተፈጠረው በስንብቱ ቀን ነው፣ ማኅደሩ የተሳሳተው በእሱ ጥፋት አይደለም የሚል ነው። በሌላው ወገን ሕጉ ለጡረታ ጥያቄ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም መብቱ የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ፣ አስቀምጧል፤ ሰውየውም 9 ዓመት ከ8 ወር የሚል መሸኛ በእጁ ይዞ ዓመታት ዝም ብሏል። የወሰደው ዳረጎት ከምኑ ላይ ይቀነሳል የሚለውም እዚያው ውስጥ አለ። ሙሉውን ውዝፍ እናገኛለን ብዬ አልነገርኩትም፤ በይርጋ ያልታገደውን ክፍል ግን የምናጣበት ምክንያት አይታየኝም። ይግባኙ ገብቷል፣ ጉባኤው የጡረታ መሥሪያ ቤቱን መልስ እየጠበቀ ነው።